አባቴ ሳይሞት የቀረበት ዓመት

እናቴ አባቴን ስምንት ጊዜ ገድላዋለች። አንድ ጊዜ የዓሣ አጥንት አንቆት ሞተ። አንድ ጊዜ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጥቶ ወደቀ። አንድ ዓመት ደግሞ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሊያነሳላት ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። ከሁሉ የባሰው ሲያዛጋ የሞተው ነው፤ አፉን ከፈተ፣ አልገጥም አለው፣ ሞተ። እኔ የምተዳደረው ሰው ሠራሽ ጥርስ በመሥራት ስለሆነ፣ መንጋጋ ሰውን እንደዚያ እንደማይገድል ላስረዳት ሞክሬ ነበር።

"አንቺ ጥርስሽን ሥሪ" አለችኝ። "የባል አገዳደሉን ለኔ ተዪው።"

አትደንግጡ፤ አባቴ ጤነኛ ሰው ነው። ከኛ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር ይኖራል፣ የሰው ቧንቧ ይጠግናል፣ እራቱን በልቶ ያንኮራፋል። የሚሞተው በዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም በሰፈሩ አዳራሽ መድረክ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀበት።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሰፈሩ የቲያትር ቡድንም የሷ ነው፤ ደራሲዋ እሷ፣ አዘጋጇ እሷ፣ ዋና ተዋናይቷ እሷ፣ ያረፈደ ሰው ሲመጣ ተቆጪዋም እሷ። ቲያትሩ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያው አንድ ነው። አንድ ነጭናጫ ባልና አንዲት ትዕግሥተኛ ሚስት ኩሽና ውስጥ ይጨቃጨቃሉ። ትዕግሥተኛዋን ማን እንደምትጫወት መናገር አያስፈልገኝም። ሰው ይስቃል፣ ባልየው ይሞታል፣ ሣጥን ይገባል፣ ልጅየዋ ታለቅሳለች፣ መጋረጃ ይዘጋል። በየዓመቱ የሚቀየረው አሟሟቱ ብቻ ነው። ሰፈሩ ገና ከወር በፊት ፀጉር ቤት ተቀምጦ ዘንድሮ በምን ይሆን እያለ ይከራከራል።

አሟሟቱን ከእናቴ በቀር ማንም አያውቅም፤ የሚሞተው ሰውዬ ራሱ እንኳ። "ማን ነው የሚሞትበትን አውቆ የሞተው?" ትላለች። ስለዚህ አንድ ምልክት አላት። በጭቅጭቁ መሀል የኩሽና ሽርጧን ፈትታ ወንበር መደገፊያ ላይ ጣል ታደርጋለች። ያን ጊዜ ባልየው በያዘው ነገር መሞት አለበት። ዓሣ እየበላ ከሆነ በዓሣ፣ መሰላል ላይ ከሆነ በመሰላል። እያዛጋ ከነበረም ምርጫ የለውም።

እስካሁን በአባቴ ፋንታ የሞተው አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዳቦ ጋጋሪ። አጎቴ መሞት ይወዳል። አንዴ ከጀመረ አይጨርስም፤ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ግድግዳ ይደገፋል፣ ውሃ ይለምናል፣ እንደገና ይወድቃል። አንድ ዓመት ከሞተ በኋላ የረሳው ንግግር ትዝ ብሎት ቀና አለና ተናግሮ ተመልሶ ሞቷል። ሰፈሩ "ሟቹ" ብሎ ነው የሚጠራው። ጠዋት ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ "ሟቹ፣ ትኩስ አለ?" ሲሉት "አለ" ይላል፣ ምንም አይመስለውም።

እናቴ ይኼን ሁሉ የጀመረችው ከቂም ነው፤ ላሳምረው ብል ማንም አያምነኝም። ድሮ ሲጣሉና "ውጣልኝ" ስትለው አባቴ አንድ መልስ ነበረው። "ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው።" ለዓመታት ይኼን ሲል ኖረ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ውጣ ሳይለው፣ የመፍቻ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በሁለት እግሩ ወጣ። ያገባው ፋርማሲ ያላትን ሴትዮ ነው፤ የፋርማሲዋን አንዲት ቧንቧ ለመጠገን ሦስት ሳምንት ሲፈጅበት መጠርጠር ነበረብን። እናቴ ደግሞ ቃል ታከብራለች። እሱ ያልፈጸመውን ቃል እሷ በየዓመቱ ታስፈጽማለች።

እሱም ቀርቶ አያውቅም። በመጀመሪያው ዓመት ወሬውን ሰምቶ ሊጣላ ነበር የመጣው። ፊቱ ቀልቶ ተቀመጠ፤ አጎቴ መሞት ሲጀምር አፈረ፣ መሬት ላይ መንከባለል ሲጀምር ፈገግ አለ፣ ተነስቶ እንደገና ሲወድቅ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ከሚስቱ ጋር የፊት ረድፍ ይይዛል። እሷም ዝም ብላ አታይም። በመርዝ የሞተበት ዓመት ላይ እናቴን መውጫው ላይ አግኝታ፣ በዚያ መጠን ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደሚቆይ አስረዳቻት። እናቴም ከዚያ በኋላ በመርዝ ገድላ አታውቅም።

እኔ ልጅየዋ ነኝ፤ በቤትም በመድረክም። ጥቁር ለብሼ መጋረጃ ጀርባ እቆማለሁ። አጎቴ ሲወድቅ ሳህን አብሮ መውደቅ አለበት፤ ሳህኑ ሲሰበር የሰፈሩ አናጢ ራሱ የሠራውን ባለጎማ ሣጥን እየገፋ ያስገባል፣ አጎቴ ራሱ ተንከባሎ ይገባበታል፣ እኔ "አባዬ" እያልኩ ሮጬ ሆዱ ላይ እወድቃለሁ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ይኼንኑ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ቀሚሱን እናቴ በየጊዜው በጎን በጎኑ ትለቀዋለች። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ትለኛለች። እኔ ግን አንድም ቀን ከአንጀቴ አልቅሼ አላውቅም፤ የአጎቴ ሆድ ዳቦ ዳቦ ስለሚሸት እዚያ ላይ ስወድቅ የሚሰማኝ ረሃብ ነው።

ዘንድሮ ወደ ልምምድ የገባሁት ሌላ ነገር በሆዴ ይዤ ነው። ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ የጥርስ ሥራ ቤት ነይ ብሎኛል። ባለቤቱ ሥራዬን ያየው ከአንድ ደንበኛው አፍ ውስጥ ነው፤ አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ፣ እሱ ያየው የኔን ጥርስ ነበርና ማን እንደሠራው ጠየቀ። ቅዳሜ ትርኢቱ ነው፤ መልሴን የሚጠብቁት ሰኞ ነው። መሄድ እፈልጋለሁ። ለእናቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ምክንያቱም እናቴ ጥሏት የሄደን ሰው ምን እንደምታደርገው አይቻለሁ። አባቴ ብቻ አይደለም። ረዳቷ ተሰናብታት የራሷን ስፌት ቤት የከፈተች ጊዜ፣ በዚያ ዓመት ቲያትር ላይ ከዚያ በፊት ያልነበረች አንዲት ልብስ ሰፊ ተጠቀሰችና እዚያው በመብረቅ ሞተች። እኔ ብሄድ በሚቀጥለው ዓመት ሣጥን ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ። በምን እንደምሞት እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ በጥርስ ይሆን፣ በአውቶቡስ? ቀልድ ይመስላል። የፈራሁት ግን ሰው እንዳይስቅብኝ አይደለም። እናቴ ስለኔ ስታወራ "ነበረች" እንድትል አልፈለግኩም።

ትርኢቱ ሁለት ቀን ሲቀረው አጎቴ የዱቄት ጆንያ አነሳ። ጆንያው ወረደ፣ አጎቴ እዚያው ታጥፎ ቀረ። ወገቡ በየትም በኩል አልቃና አለ። አናጢው መጥቶ ዞሮ ዞሮ ካየው በኋላ፣ ሣጥኑን ከፍ ላድርገው እንዴ ብሎ ጠየቀ።

"ሬሳ ቁጭ ብሎ አይቀበርም" አለች እናቴ።

አናጢውን ራሱን ሞከርነው። ንግግሩን በአንድ ቀን አጠና፤ ነገር ግን "እራት አልደረሰም?" ሲል የሣጥን ዋጋ የሚናገር ይመስላል። እናቴ ሁለት ጊዜ ሰማችውና መጋረጃውን ቢጎትት እንደሚሻል ነገረችው። አዳራሹ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠን፤ ቅዳሜ ካለፈ አለፈ። እናቴ ቤት ገብታ በሯን ዘጋች። ያን ጊዜ ነው አጎቴ ቀና ሳይል፣ ወለሉን እያየ፣ ሁላችንም ያሰብነውን ነገር የተናገረው።

"ንግግሩን በቃሉ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ።"

ወደ ፋርማሲው አብሮኝ ሄደ። ታጥፎ ስለሚሄድ ሰውን የሚያውቀው በጫማው ነበር፤ መንገዱን ሙሉ "እንዴት ዋልክ፣ ሶልህ አልቋል" እያለ ሰላምታ ሰጠ። ፋርማሲስቷ መስታወቱን ስትወለውል አገኘናት። አንቱ ነው የምላት፤ ከአክብሮት ሳይሆን ከርቀት። አጎቴን ከላይ እስከ ታች፣ ማለትም ከወገቡ እስከ ወገቡ፣ አየችው።

"ለወገብ ነው?" አለች።

"ለባል ነው" አለ አጎቴ። "ባልሽን አውሺን።"

አባቴ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አለ። ነገሩን አስረዳሁት። ብርጭቆውን አስቀመጠና አጎቴን አየው።

"ስንት ዓመት ሙሉ ይኼ ሰውዬ ሲያበላሸኝ ዝም ብያለሁ" አለ። "እኔ እንደሱ ነው የማኮርፈው?"

"እንደሱ ነው" አለች ሚስቱ።

"በር እንደዚያ ነው የማላትመው?"

"በሩን ጠይቀው።"

"ንግግሩን ታውቀዋለህ ወይ አባዬ?" አልኩት።

"ምኑን ነው የማላውቀው? ግማሹን የተናገርኩት እኔ አይደለሁ?"

እውነቱን ነው። እናቴ ቲያትሩን ስትጽፍ ብዙም አልደከመችም፤ የሰማችውን ነው ያሰፈረችው። አባቴ ሚስቱን አየ። እሷም አጎቴ እጅ ላይ የወገብ ቅባት አስቀምጣ ወደ መስታወቷ ዞረች።

"ሂድ ሙት" አለችው። "ግን ሸሚዝህን ቀይር።"

እናቴ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። ስነግራት መቀሱ ጨርቁ መሀል ቆመ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም፤ ጨርቁን እስከ ጫፉ ቆርጣ ጨረሰችው።

"በሰዓቱ ይምጣ" አለች። "ድሮም አርፋጅ ነው።"

"ልምምድስ?"

"ሃያ ዓመት ተለማምዶታል።"

እኔ ደግሞ በልቤ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ፊት ለፊት ካየችው ወይ ቂሙ ይወጣላታል፣ ወይ እውነት ትገድለዋለች። ከሁለት አንዱ ከሆነ እሁድ ጠዋት እነግራታለሁ አልኩ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ዘንድሮ ባለቤቱ ራሱ ይሞታል የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር፤ ቲያትር አይተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ነበር። አባቴ በቤት ጫማና በተጨማደደ ሸሚዝ መድረኩ ላይ ሲገባ፣ አፉን ሳይከፍት አጨበጨቡለት። ሸሚዙን አልቀየረም። የፊት ረድፍ ላይ ፋርማሲስቷ ራሷን ስትነቀንቅ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት። እናቴ ምድጃው ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር፤ ዞር አላለችም።

"እራት አልደረሰም?" አለ አባቴ።

"አንተ የደረስክ ጊዜ ነው እንዴ እራቱ የሚደርሰው?"

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስናገር እየቀፈፈኝ ነው፤ ጥሩ ነበሩ። አጎቴ ሲጫወት እናቴ ተናግራ፣ ቆማ፣ ሰው እስኪስቅ ጠብቃ ነው የምትቀጥለው። ከአባቴ ጋር ግን እሷ ሳትጨርስ እሱ ይቀበላታል፣ እሱ ሳይጨርስ እሷ ትቀማዋለች። አንዱ የሌላው ትንፋሽ የት ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። አጎቴ አጠገቤ ወንበር ተደግፎ ያጉረመርማል።

"እጁን አያንቀሳቅስም" አለኝ። "ድርቅ ብሎ።"

"ሰው ቤቱ ውስጥ እጁን አያወናጭፍም ጋሼ።"

"እኔ አወናጭፋለሁ።"

እናቴ ሾርባ በሳህን ሞልታ አቀረበች። አባቴ ተቀመጠ፣ ማንኪያውን አነሳ፣ መብላት ጀመረ። ሁለት ሦስት ስድብ ተለዋወጡ። ከዚያ እናቴ ሽርጧን ፈታች። ቀስ ብላ አጠፈችና ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አደረገችው። ሰው ትንፋሹን ያዘ። እኔ ሻሼን አስተካከልኩ። አናጢው ሣጥኑን ጨበጠ።

አባቴ ሾርባውን ይበላል።

"ሽርጡን ነግረኸዋል አይደል?" አልኩት አጎቴን በሹክሹክታ።

"አንቺ አልነገርሽውም?"

እኔ አጎቴ ነግሮታል ብዬ፣ አጎቴ እኔ ነግሬዋለሁ ብሎ፣ እናቴ ደግሞ አባቴን ካነጋገረችው ዓመታት ስላለፉ፣ የሚሞተውን ሰውዬ የሚሞትበትን ሰዓት የነገረው አልነበረም። ስንት ዓመት ከፊት ረድፍ ሲያይ ሽርጧን የምትፈታው ሞቋት መስሎት ነበር። እናቴ ሽርጡን አነሳች፣ መልሳ ታጠቀችው፣ እንደገና ፈታችና ዓይኑ ስር ወረወረችው።

"ሞቆሽ ነው?" አለ አባቴ። ሳህኑን ገፋ አደረገላት። "ትንሽ ጨምሪልኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ወንበር ይዞ ይስቃል። እናቴ ሌላ የምታደርገው ስላጣች ጨመረችለት። አጎቴ መቋቋም አቃተው፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ "ሙት" አለው። አባቴ ማንኪያውን አቁሞ ወደኛ ዞረ።

"ማን ነው ሙት የሚለኝ?"

"መሞቻህ ደርሷል" አለች ፋርማሲስቷ ከተቀመጠችበት፣ መድኃኒት በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ በምትናገርበት ድምፅ።

"በምን?"

"በሾርባው መሰለኝ።"

አባቴ ሳህኑ ውስጥ ተመለከተ። ከዚያ እናቴን ቀና ብሎ አያት።

"በዚህ? ይኼ እኮ ጥሩ ሾርባ ነው" አለ። ቀጥሎ ያለው ግን ከቲያትሩ አልነበረም፤ ድምፁ ወርዶ ነበር። "ሾርባሽ ናፍቆኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።"

ሳቁ ቆመ። ፋርማሲስቷ የእጅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ያዘች። እናቴን ስትናደድ አውቃታለሁ፣ ስትስቅም አውቃታለሁ፤ ያን ፊቷን ግን አይቼው አላውቅም። ስንት ዓመት ስትገድለው የኖረችው ሰውዬ በሰው ሁሉ ፊት ናፍቀሽኝ ነበር ሊላት ምንም አልቀረውም። እኔም ፈራሁ። አሁን የምትለው ነገር የሁላችንንም ቤት ሊያፈርስ ይችላል ብዬ አሰብኩ።

"ሾርባውን ወንድሜ ነው የሠራው" አለች እናቴ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ አጎቴ ከመጋረጃው ጀርባ።

መጀመሪያ የሳቀችው ፋርማሲስቷ ናት። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አባቴ አፉ ሾርባ እንደያዘ ሊስቅ ሲል ትን አለው፤ እናቴ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልሆነላትም፣ ሆዷን ይዛ ተንበረከከች። ሁለቱ አብረው ሲስቁ አይቼ የማላውቅ ይመስለኛል፤ ወይ ደግሞ አይቼ ረስቼዋለሁ። አባቴ እየሳለና እየሳቀ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ሳህኑ ተፈናጥሮ ወለሉ ላይ ተሰበረ።

ሳህን ሲሰበር እገባለሁ። ዓመታት የለመደ እግር ጥያቄ አይጠይቅም። አናጢውም እንደኔው ነው፤ ሣጥኑን እየገፋ ወጣ። እኔ "አባዬ" ብዬ እየጮኽኩ ከኋላው ሮጥኩና በለመድኩት ጉልበት ራሴን ወረወርኩ። የአጎቴ ሆድ ግን እዚያ አልነበረም። ሣጥኑ ባዶ ነው። በጭንቅላቴ ገባሁ፤ ሰው ያየው ጥቁር ቀሚስና ሁለት እግር ብቻ ነው።

"እዚህ ነኝ ልጄ" አለ አባቴ፣ ማንኪያውን እንደያዘ።

የሳቁን ድምፅ ሣጥኑ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ጣውላው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተገላብጬ ቁጭ አልኩ፣ መነሳት ግን አቃተኝ። አለቀስኩ። እንኳን እናቴ ሞታ እንዲሁም አልቅስ አልቅስ ይለኛል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ አባቴ ፊቴ ማንኪያውን ይዞ ተቀምጦ ነው ያለቀስኩት። አባቴ ቤቱን ጥሎ የወጣ ቀን አላለቀስኩም ነበር። ያን ጊዜ እናቴ ክፍሏ ውስጥ ተዘግታ ነበር፣ አንዳችን ቤቱን መያዝ ነበረብን። ከወር በኋላ ጥቁር ቀሚስ ለክታ ሰፋችልኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት ሁሉ ለአጎቴ ሆድ ነው። አሁን ግን እንባው ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ አልቆም አለኝ።

እናቴ ከተንበረከከችበት ተነሳች። ዓይኗን ጠረገች። መጀመሪያ አባቴን አየችው።

"በቃ ተነስ" አለችው። "ሂድ።"

"ሳልሞት?"

"ሳትሞት። ሚስትህ እየጠበቀችህ ነው።"

አባቴ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የሆነ ነገር ሊላት ፈለገ፤ ሂድ አልኩህ እኮ አለችው፣ ግን በቁጣ አልነበረም፤ ደንበኛ እየተዘጋ ያለ ሱቅ በር ላይ ሲቆም እንደምትለው ነው። በመድረኩ ደረጃ ወርዶ ሄደ። ፋርማሲስቷ ወንበሩ ላይ ያስቀመጠችውን ቦርሳ አነሳችለት፣ ተቀመጠ፣ ሸሚዙ ላይ የፈሰሰውን ሾርባ በመሀረብ ትጠርግለት ጀመር።

"ታዲያ ማን ሊሞት ነው?" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

እናቴ ወደኔ መጣች።

"አንቺስ? ማን ሞቶብሽ ነው?" አለችኝ። "ውጪ ከዚያ።"

እሁድ ጠዋት እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቀጠሮ መጠበቅ ግን አይቻልም።

"እማዬ፣ ሥራ አግኝቻለሁ።"

"ሥራ አለሽ አይደል እንዴ?"

"ሌላ ከተማ ነው። ሩቅ ነው። ሰኞ እሺ ልላቸው ነው።"

"ይኼ አምና አልነበረም" ሲሉ ሰማሁ ከኋላ። "ዘንድሮ የጨመሩት ነው።"

"መቼ ነው የነገሩሽ?" አለች እናቴ።

"ወር አልፎታል።"

"ወር ሙሉ አንድ ቤት እያደርን ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳትገድይኝ ፈርቼ" አልኳት።

ከዚያ በላይ የተሳቀበት ንግግር በዚያ መድረክ ላይ ተነግሮ አያውቅም። አባቴ ሳቀ፣ አጎቴ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ሳቀ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ሣጥኑን አየችው፤ እዚያ ውስጥ እስከ ወገቤ ተቀምጬ እኔንም አየችኝ። ቀለሟ ሲለወጥ አየሁ። ለሰው ጀርባውን የሚሰጥ ተዋናይ ስታይ የምታብድ ሴትዮ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ጀርባዋን ሰጥታ ሣጥኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ሲንቋቋ ተሰማኝ።

"ሰው ሲሄድብኝ" አለች ቀስ ብላ፣ "ሌላ የማደርገውን አላውቅም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺንም እንደዚያ የማደርግሽ መስሎሽ ነው?"

ዋሽቼ ላስደስታት እችል ነበር። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

"እዚህ አይሰማም" አለ ከኋላ ያው ሰውዬ።

"አይመለከትህም" አለችው እናቴ፣ ዞር ሳትል።

ከመጋረጃው ጀርባ አናጢው ልዝጋ አልዝጋ እያለ ገመዱን እንደያዘ ቆሟል፤ የሚነግረው የለም። እናቴ የሣጥኑን ጠርዝ ተደግፋ ተነሳች፣ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ጎትታ አወጣችኝ። ትከሻዬ ላይ ስፌቱ ተተርትሮ ነበር፤ በጣቷ ይዛ ገጠመችው፣ አልያዝ ሲላት ተወችው።

"አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?" አለችኝ።

"ጠዋት መሰለኝ። ገና አላጣራሁም።"

"አጣሪና ንገሪኝ" አለች። "እሸኝሻለሁ።"